የጠረግነውና ያልጠረግነው

«ብራውዘርህን አጽዳ፤ ዱካህ ይጠፋል» የሚለው ምክር በከተማው የተማረ ሰው ዘንድ እንደ ጸሎት ይደጋገማል። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር ለባልደረባው የሚለቅ ሠራተኛም፣ ጠንከር ያለ የፖለቲካ ጽሑፍ አንብቦ ስልኩን ኪሱ የሚከት ወጣትም አንዲት ትእዛዝ ተጭነው እፎይ ይላሉ። መጫናቸውን አልቃወምም። የምቃወመው ከትእዛዟ ዐቅም በላይ የሆነ እምነት የጣሉባት መሆኑን ነው። ይህን እምነት ዜጋው ብቻ ሳይሆን መንግሥትም በአንድ ወቅት ተጋርቶታል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አስቀድመን ነገሩን በየስሙ እንጥራው። ብራውዘር አንድን ገጽ ሲከፍት የሥዕሎቹንና የሌሎች ፋይሎቹን ቅጂ በመሣሪያው ላይ ያስቀምጣል፤ መሸጎጫ የሚባለው ይህ ነው። ወደ ገጹ ስንመለስ ቶሎ የሚከፈትልን፣ ከገዛነው ዳታም ጥቂት የሚተርፍልን በእርሱ ምክንያት ነው። ኩኪ ግን ሌላ ነው፤ ድረ ገጹ እኛን የሚለይበትና ኢሜይላችን እንደተከፈተ እንዲቆይ የሚያደርግ ምልክት ነው። የጎበኘናቸው ገጾች ዝርዝርም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ብራውዘሩ የያዘልን የይለፍ ቃልም እንዲሁ። እንግዲህ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ፣ ኢሜይሉን ከፍቶ ሰነድ ያሳተመ ሰው መሸጎጫውን ብቻ ቢያጸዳ ምን አተረፈ? ኢሜይሉን ለሚቀጥለው ደንበኛ ክፍት ትቶለት ሄዷል። በመጀመሪያ ከአካውንቱ መውጣት፣ ቀጥሎ በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ ኩኪውንና ዝርዝሩን መሰረዝ፣ የይለፍ ቃሉ ተይዞ እንደሆነም መመልከት ነበረበት። የጊዜ ገደቡንም ያስተውል፤ ብዙ ጊዜ አጭሩ ተመርጦ ይጠብቃልና ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ብቻ ጠርጎ ሊነሣ ይችላል።

በገዛ ስልኩ ላይ በየምሽቱ መሸጎጫ የሚያጸዳ ሰው ደግሞ ያንኑ ሥዕል በየማለዳው በገንዘቡ ይገዛል። የስልክ ብራውዘርን ማጽዳት ቴሌግራምን እንደማይነካም ይታወቅ። ቴሌግራም የራሱ መሸጎጫ አለው፤ ያ ቢጸዳ እንኳ በቻናሉ ላይ የነበረው ፋይል በኩባንያው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በእጃችን ባለው መሣሪያ ላይ ነው። ሌላው መዝገብ ያለው ከእኛ እጅ ውጪ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ያስገድዳል። የትራፊክ ዳታ ማለት የጻፍነው ቃል አይደለም፤ ግንኙነቱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ የሚያሳየው ነው። መዝገቡ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይገለጥ ሕጉ አዟል። ሆኖም ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ያወጣው ዘገባ፣ አዋጁ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ የስልክ ጥሪያቸው ዝርዝር በምርመራ ክፍል ፊታቸው ላይ የተዘረጋባቸውን ሰዎች ምስክርነት ይዟል። ከስልካቸው ላይ የጥሪውን ዝርዝር ሰርዘው ቢሆን ምን ይለወጥ ነበር?

አሁን ወደ መንግሥት እምነት እንመለስ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በሐምሌ የሽብር ክስ ተመሠረተ። በክሱ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባለው የመረጃ ደኅንነት መምሪያ መሠልጠን ነበር። ይህ መምሪያ ታክቲካል ቴክና ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ ያዘጋጁት፣ ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያነበው ሰነድ ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል ስለመምረጥ ይናገራል፤ በዚያን ጊዜ ከያዛቸው ትምህርቶች አንዱም ሲክሊነር በተባለው ፕሮግራም ጊዜያዊ የኢንተርኔት ፋይሎችን ስለማጽዳት ነበር። አንድ የባንክ ሠራተኛ ከኮምፒውተር ባለሙያው የሚሰማው ምክር ነው እንግዲህ የሽብር ማስረጃ ለመሆን የበቃው! በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በእስር የቀሩትን ጦማርያን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው፤ ክሱ የተመሠረተበት የጸረ ሽብርተኝነት ሕግም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። በመካከሉ ያለፈውን የእስር ዘመን ግን የሚመልሰው የለም።

ዱካውን ያጸዳ ሁሉ የሚደብቀው ወንጀል አለው የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ክስ ጋር መቀበሩን እጠራጠራለሁ። ደብዳቤውን አንብቦ የሚቀድ ሰው ወንጀለኛ አይባልም። የሐኪም ውጤቷን በጋራ ኮምፒውተር ያነበበች ሴት፣ ከአሠሪው ተሰውሮ ሥራ የሚፈልግ ሰው፣ ስለ ሃይማኖቱ ጥያቄ የተፈጠረበት ወጣት፣ ሁሉም የሚያጸዱት ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸውን የማስረዳት ግዴታ ግን የለባቸውም።

ማብራሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ትልቁን መዝገብ የያዘው ወገን ነው። አንቀጽ 24 «ቢያንስ አንድ ዓመት» ይላል እንጂ ከዚያ በኋላ መቼ ይጥፋ እንደሚባል አይወስንም። በሌላ በኩል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ይደነግጋል፤ ባለመረጃውም መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት አለው። የአገር ደኅንነት የሚለው በር በዚህም አዋጅ ውስጥ አለ፤ በሩ ምን ያህል እንደሚከፈት የሚወሰነው በአፈጻጸሙ ነው። ሁለቱን ሕጎች አስታርቆ ለአገልግሎት ሰጪዎች የማጥፊያ ቀን መቁረጥ፣ ይህን አዋጅ የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው። አገልግሎት ሰጪዎችም በየዓመቱ ስንት የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደደረሳቸውና ስንቱን እንደፈጸሙ ቁጥሩን ብቻ እንኳ ቢያወጡ የማንም ምርመራ አይደናቀፍም። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ስልክዎን ሊያጸዱ ሲነሡ አንድ አጭር ደብዳቤም ለአገልግሎት ሰጪዎ ይጻፉ፦ ዓመት ያለፈው የእኔ መዝገብ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም?