ደላላ የሌለው ገበያ፦ የበረራ ሰዓት

ማክሰኝት የገበያ ቀን ነው። ከሽምብራና ከጤፍ ነጋዴዎች ጋር ሻይ ስንጠጣ አንድ አዛውንት ነጋዴ ጠጋ አሉና «አንተ የኢኮኖሚክስ ሰው ነህ ይሉሃል። ልጄ የአብራሪነት ፈቃድ ይዞ ቤት ተቀምጧል። የዚህ ሥራ ደላላው ማን ነው?» አሉኝ። በከተማው ለበሬም፣ ለቦታም፣ ለአይሱዙም ደላላ አለ። ለአብራሪ ግን የለም።

ጉዳዩ ወዲህ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የንግድ አብራሪ ፈቃድ የሚሰጠው 200 የበረራ ሰዓት ላለው ሲሆን፣ በተፈቀደ የሥልጠና ፕሮግራም ከሆነ 150 ይበቃል። ለካፒቴንነት የሚያበቃው የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ ደግሞ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ መልምሎ ያሠለጠነውን ልጅ በቀጥታ ረዳት አብራሪ አድርጎ ስለሚያስገባው ክፍተቱ አይሰማውም። በግል ገንዘቡ ለተማረው ግን በ200 እና በ1,500 መካከል ያለው 1,300 ሰዓት ገደል ነው። ከኪስ ከፍሎ የሚሻገረው የለም፤ ሰዓቱ የሚገኘው ሰው እየከፈለህ ስትበር ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ የት ነው? በአህጉራችን ስመ ጥሩው የቦትስዋናዋ ማውን ናት። በኦካቫንጎ ረግረግ ውስጥ ያሉት የቱሪስት ማረፊያዎች አብዛኞቹ መኪና አይደርስባቸውም፤ እንግዳም፣ ሽንኩርትም፣ የታመመ ሠራተኛም የሚጓጓዘው በትንሽ አውሮፕላን ነው። ስለዚህ ድርጅቶቹ ባለ 6 መቀመጫዋን ሴስና 206 ለጀማሪ ይሰጣሉ። ጀማሪው ማመልከቻ በፖስታ አይልክም። ሻንጣውን ይዞ ማውን ይወርድና ቢሮ ለቢሮ እያንኳኳ፣ አንዳንዴ ለወራት፣ ይጠብቃል። የናይሮቢው ዊልሰንና የታንዛኒያዋ አሩሻም የትናንሽ አውሮፕላኖች ገበያ ናቸው። በየትኛውም አገር ግን ለዜጋ ቅድሚያ ይሰጣል፤ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ፈቃድም በዚያው አገር ባለሥልጣን መጽደቅ አለበት።

በእኛስ አገር? ሕግ ከለከለ የሚለውን ሰበብ እኔ ብዙም አልቀበለውም። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 37 ለመንግሥት ያስቀረው ከ20 መቀመጫ በላይ ያለውን ነበር፤ ጣሪያው በኋላ ወደ 50 ከፍ ብሏል። ማለትም ጀማሪ የሚለማመድባት ትንሽ አውሮፕላን ገና ድሮ ለግሉ ባለሀብት ተለቃ ነበር። እንደ አቢሲኒያን የበረራ አገልግሎትና ናሽናል ኤርዌይስ ያሉም ገብተውበታል። ይሁንና የጠፋው ደንበኛ ነው። ጎንደርና ባሕር ዳር ያለ ቱሪስት ከ70 በላይ መቀመጫ ባለው የአየር መንገዱ ኪው 400 ይመጣል፣ የጣናን ገዳማት በጀልባ ያያል፣ ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ደግሞ እሱም ተመናምኗል። ለእርዳታ ሥራ የሚበሩት ካራቫኖች አሉ፤ ነገር ግን ኮንትራት ሰጪውና ኢንሹራንሱ የሚጠይቁት ሰዓት ከ200 ብዙ እጥፍ ነው። ኢንሹራንስ ማለቴን ልብ ይበሉ። የአብራሪን ዋጋ በመጨረሻ የሚተምነው አየር መንገድ ሳይሆን ኢንሹራንስ ነው።

ነዳጁም ሌላ ራስ ምታት ነው። ሴስና 206 የምትጠጣው የፒስተን ሞተር ቤንዚን፣ አቭጋዝ የሚባለው፣ በአፍሪካ እንደ ልብ አይገኝም። ካራቫን በተራው ጄት ነዳጅ ይበቃዋል፣ ግን ዋጋው በሚሊዮን ዶላር ነው። ዶላሩ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ገበያው ሲለቀቅ ከነበረበት 57 ብር ገደማ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

በእኔ እምነት የበረራ ትምህርት ቤት ልክፈት የሚል ባለሀብት ቆም ብሎ ያስብ። የጎደለው ፈቃድ ያለው ሰው አይደለም፤ የጎደለው ሥራ ያላት አውሮፕላን ናት። ከመቶ ተመራቂ ይልቅ የዓመት ኮንትራት ያላት አንዲት ካራቫን ለገበያው ትጠቅማለች፤ አንጋፋው በግራ፣ ጀማሪው በቀኝ ወንበር ተቀምጦ።

ለሰውዬው ግን ይህን ሁሉ አላልኳቸውም። አንድ ነገር አስጠነቀቅኳቸው፦ «ሥራ አስገኝለታለሁ፣ ወይም ከፍሎ በእኔ አውሮፕላን ሰዓት ይሙላ የሚል ቢመጣ እንዳይከፍሉ። ሰዓት የሚሸጥልዎ ድርጅት፣ ከልጅዎ በኋላ ሌላ ከፋይ ነው የሚፈልገው።» በዚያ ገንዘብ ትኬት፣ ምግብና የሦስት ወር የቤት ኪራይ ቢይዝለት ይሻላል አልኳቸው። የጤና ምርመራውም ጊዜው እንዳያልፍ።

«መቼ ነው የሚሄደው?» አሉ።

የኦካቫንጎ ቱሪስት የሚበዛው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው፤ ድርጅቶቹ ሰው የሚይዙት ከዚያ ቀደም ብለው ነው። ይህን ስነግራቸው በጣታቸው ቆጠሩ።

«ሽምብራው የካቲት ላይ ይሸጣል» አሉና ሻዩን ከፈሉ።