ካፒቴኑ ሲተኛ ኃላፊው ማን ነው?

አሜሪካ ያሉ ልጆቻቸውን ጠይቀው የሚመለሱ ወላጆች «ካፒቴኑ መንገድ ላይ ይተኛል አሉ፤ ታዲያ እኛን ማን ያመጣናል?» ሲሉ እሰማለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ለቤታችንም ስለሚጠቅም ዛሬ ላንሳው።

አዎ፣ ይተኛል። መተኛትም አለበት። የአሜሪካ ሕግ ለአገሩ አየር መንገዶች ሁለት አብራሪዎች ብቻ ካሉ ከ9 ሰዓት በላይ መብረር አይፈቅድም፤ ሦስት ሲሆኑ እስከ 13፣ አራት ሲሆኑ እስከ 17 ሰዓት ይፈቅዳል። ስለዚህ በረጅም በረራ ላይ ተጨማሪ አብራሪ ይሳፈርና በየተራ ያርፋሉ። ቦይንግ 787ን በመሳሰሉ አውሮፕላኖች ከመንገደኞች በላይ የአብራሪዎች መኝታ አለ።

ካፒቴኑ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው። የመጀመሪያው ወንበር ነው፦ ማን በግራ፣ ማን በቀኝ ይቀመጣል? ሁለተኛው ሥራ ነው፦ አንዱ ያበራል፤ ሌላው መለኪያዎቹን ይከታተላል፣ በሬዲዮ ይነጋገራል፣ ጓደኛው ሲሳሳት ይናገራል። ሦስተኛው ውሳኔ ነው፦ ችግር ቢመጣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ግራው ወንበር የካፒቴን ነው ማለት፣ እዚያ የተቀመጠ ሁሉ መሪ ይይዛል ማለት አይደለም።

ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 አውሮፕላን አትላንቲክ ውስጥ ወድቆ የ228 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ካፒቴኑ ለእረፍት ከሄደ ከ8 ደቂቃ ገደማ በኋላ የፍጥነት መለኪያዎቹ በበረዶ ተደፈኑ፤ አውቶፓይለቱም ሥራውን አቆመ። በግራ የተቀመጠው ረዳት አብራሪ ከ6,500 ሰዓት በላይ የበረረ ነበር። መሪውን የያዘው ግን 3,000 ሰዓት ያልሞላው፣ በቀኝ ያለው ነው። የፈረንሳይ መርማሪዎች እንዳሉት ካፒቴኑ እሱን ተኪ አድርጎ የተወው በዝምታ እንጂ በግልጽ ቃል አልነበረም። በጭንቁ ሰዓት ሁለቱም መሪ የነኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ካፒቴኑ ተጠርቶ ሲደርስ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል አልፎ ነበር።

የአደጋው ምክንያት ይህ ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑ አፍንጫው ወደ ላይ ተስቦ አየር ላይ የሚይዘውን ኃይል ማጣቱን አብራሪዎቹ አልተረዱም። ቢሆንም መርማሪዎቹ ካፒቴንን የሚተካ ሰው የሚያሟላው መስፈርት እንዲጠብቅና የሥራ ክፍፍሉ እንዲሻሻል አሳስበዋል።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ሁለቱም ባላዎች ሸክሙ በሌላው ላይ ነው ብለው ካሰቡስ? እኛም አያት አሉ፣ ሠራተኛዋ አለች፣ ትልቁ ልጅ አለ ብለን ከቤት እንወጣለን። ሕፃኑን ትኩሳት ሲይዘው አያት «ሠራተኛዋ ደውላለች» ብለው ይቀመጣሉ፤ ሠራተኛዋም «እማማ እያሉ እኔ ምን ቤት ነኝ?» ትላለች።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ባሉበት ተናገሩ። «እማማ፣ ሐኪም ቤት ይሂድ አይሂድ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። አንቺ ደግሞ ትኩሳቱን እየለካሽ ትነግሪያቸዋለሽ፤ የረሱት ነገር ካለም ሳትፈሪ አስታውሻቸው። ከ39 ዲግሪ ካለፈ ስብሰባ ላይ ብሆንም ደውሉልኝ።» ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ አያትንም ያስከብራል፣ ሠራተኛዋንም ከፍርሃት ያወጣል።