ማኅበራችንን በቀጠሮ ለገደላችሁት

ይድረስ ለቀድሞ አሠሪዎቼ፤
ግልባጭ፦ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ

ይህን የምጽፍላችሁ ሐዘኑ አልወጣልኝ ብሎ ነው።

በፋብሪካችሁ የሠራተኛ ማኅበራችንን እንዳቋቋምን ለድርድር የጻፍንላችሁን ደብዳቤ አትረሱትም። የኅብረት ስምምነት ረቂቅና የምዝገባ ምስክር ወረቀታችን ተያይዘውበት ነበር። የለመንናችሁ የማታ ሰርቪስ፣ የምሳ ድጎማ፣ የታመመች ልጅም አለቃዋን ሳትፈራ ክሊኒክ እንድትሄድ ነበር። ደመወዝም ጠይቀናል፤ በጊዜው የግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ የደመወዝ ወለል ስላልነበረው ከድርድር ሌላ መንገድ አልነበረንም።

«ማኅበሩን አናውቀውም» አላችሁን። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል ይላል፤ እኛ ከዚያ እጅግ እንበዛ ነበር። ይኸው አዋጅ ደግሞ የድርድር ጥያቄ የደረሰው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ይቅረብ፣ በቅን ልቦናም ይደራደር ብሎ ያዛል። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የመደራደር መብት ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የተቀበለችው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የብዙዎቻችን እናቶች እንኳ አልተወለዱም ነበር።

እናንተ ግን ምዝገባው ይሰረዝ ብላችሁ አመለከታችሁ። ቀጠሮ፣ መልስ፣ የመልስ መልስ፣ ይግባኝ። በመሀል ሰብሳቢያችንን «ምርት ቀንሷል» ብላችሁ አሰናበታችኋት። በማኅበር አባልነት ሰው ማሰናበት ክልክል መሆኑን ጠበቃችሁ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ማኅበር የሚል ቃል በስንብት ደብዳቤዋ ላይ ያልሰፈረው።

ለእናንተ ቀጠሮ ማለት ጠበቃ መላክ ነው። ለእሷ የቀን ደመወዟ፣ የታክሲዋ፣ ወሩ ሲያልቅም የቤት ኪራይዋ ነበር። ምስክር ልትሆንላት የመጣችውን ልጅ ከሥራ ቀረሽ ብላችሁ ቀጣችኋት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይምጣ? አንዷ ወደ ገጠር ቤተሰቧ ተመለሰች፣ ሌላዋ በቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ገባች። «ተደራደሩ» የሚለው የቦርዱ ውሳኔ ሲመጣ ረቂቁን ካረቀቅነው መካከል በፋብሪካው ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም።

የቦርዱ አባላት ሆይ፣ ፍርዳችሁ ትክክል ነበር፤ የደረሰው ግን ከተበተንን በኋላ ነው። በእያንዳንዱ ረጅም ቀጠሮ የእናንተም እጅ አለበት።

አሠሪዎቼ፣ ሰብሳቢያችንን ከነውዝፍ ደመወዟ ወደ ሥራዋ መልሷት። በእኛ ቦታ የቀጠራችኋቸው ልጆች ሲደራጁ ወደ ችሎት አትጎትቷቸው። ረቂቃችን አሁንም በእጃችሁ ነው፤ ቀን ቁረጡና ለድርድር ጥሯቸው።