ሕፃን አዝለው ወደ ውጭ አገር ሲጓዙ

ቀድሞ ባሕር ማዶ ተሻጋሪ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ዘመድ አዝማድ የሚሸኘው ወንድ ነበር። ዛሬ ግን ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብቅ ያለ ሰው በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ፓስፖርት ይዛ፣ ሕፃኗን በአንቀልባ ያዘለች እናት ማየቱ አይቀርም። አንዷ ለሥልጠና፣ አንዷ ባለቤቷ ወዳለበት አገር፣ ሌላዋም እኅቷን ለመጠየቅ ትሄዳለች። ብቻዋን ከልጇ ጋር ለመጓዝ የተነሣች እናት ብዙ ጊዜ ከምታነሣቸው ጥያቄዎች ዋናው፣ «ከመሄዴ በፊት ጡት ላስጥለው ይሆን?» የሚለው ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ ለመንገድ ሲባል ጡት አይጣልም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ልጄ የስምንት ወር ሕፃን ሳለ ለአጭር ሥልጠና ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረብኝና ከጉዞው ሁለት ሳምንት አስቀድሜ ጡት አስጣልሁት። በሰው ፊት ከማጥባት ጡጦ ይቀላል፣ ያኮራልም ብዬ ነበር። እናቴ፣ «ልጄ፣ ይኸማ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» ብትለኝ አልሰማኋትም። አውሮፕላን ለመለወጥ በወረድንበት አገር ሌሊቱን ስድስት ሰዓት ስንጠብቅ፣ ጡጦውን የማጥብበት የፈላ ውኃ አጣሁና ከመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አለቅልቄ ወተቱን በጠበጥሁለት። በደረስን በማግሥቱ ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ሲያለቅስም እንባ አልወጣው አለ። ሥልጠናው በተከፈተበት ቀን እኔ በሰው አገር ሐኪም ቤት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ድኖልኛል፤ ያቺን ሌሊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

የእናት ጡት ለመንገደኛ የተሰጠ ስንቅ ነው። ማሞቅ አያስፈልገውም፤ ጡጦ አያሳጥብም፤ አይበላሽም። የዓለም የጤና ድርጅትም ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመክራል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ እናቲቱ ውኃ ደጋግማ መጠጣት ይገባታል። ሰው ፊት ማጥባት ከከበድዎ ነጠላዎ ይበቃል።

ሠራተኛ እናቶች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ነው። እንግዲህ ልጅዎ ስድስት ወር ሳይሞላው ለሥልጠና ሊታጩ ይችላሉ ማለት ነው። ልጁን ይዞ መሄድ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ማረፊያው የት እንደሆነ፣ በትምህርት ሰዓትም ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ አለቃን መጠየቅ ነውር አይደለም።

በልዩ ልዩ ምክንያት ማጥባት ያልቻሉ እናቶች ደግሞ የዱቄት ወተቱን ለየምግቡ ለክተው በንጹሕ ዕቃ ለየብቻ ይያዙ። በቂ የታጠቡና የተቀቀሉ ጡጦዎች ያዘጋጁ። አስቀድመው በጥብጠው አያቆዩ፤ ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት ያለፈውንም ይድፉ። በብዙ አገር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ይዞ ወደ አውሮፕላን መግባት ቢከለከልም ለሕፃን ወተትና ምግብ ግን ልዩ ፈቃድ አለ። ለፈታሹ አስቀድመው ይንገሩት።

ጡት ማጥባት ለጆሮም ይጠቅማል። የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለ ቦታ እንደሚገኘው አየር ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ቦሌም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲነሡ የሕፃኑ ጆሮ ብዙም ለውጥ አይሰማውም። የሚያስለቅሰው አውሮፕላኑ ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዱባይ መውረድ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው፣ ተኝቶም ቢሆን ቀስቅሰው ያጥቡት። መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ካለበት ከመነሣትዎ በፊት ለሐኪም ያሳዩት። እንዲተኛልኝ ብለው ግን የማስተኛ መድኃኒት ከቶ አይስጡት።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ እንለፍ። ሕፃን በእናቱ ፓስፖርት ላይ ተጽፎ የሚጓዝበት ዘመን አልፏል፤ የዕድሜው ማነስ ሳይታይ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ አባትየው አብሮ የማይሄድ ከሆነም የፈቃድ ደብዳቤውን ይያዙ፤ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። ክትባቱም አይዘንጋ። የኩፍኝ ክትባት በአገራችን በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። ኩፍኝ ወደገባበት አገር የሚሄድ ሕፃን ግን ከስድስት ወር ጀምሮ ተጨማሪ ሊሰጠው ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት የሚሰጠው ከ9 ወር ጀምሮ ነው፤ ስድስት ወር ላልሞላው ጨቅላ አይሰጥም። የምስክር ወረቀቱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እርስዎም የሚከተቡ ከሆነና ልጅዎ ከ9 ወር በታች ከሆነ ማጥባትዎን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቲኬት ሲቆርጡ ሕፃን መያዝዎን ይናገሩ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በእናቱ ጭን ተቀምጦ በአነስተኛ ዋጋ ይጓዛል። በረጅም በረራ ከፊት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሕፃን አልጋ አለ፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ የጠየቀ ያገኘዋል። ዕቃ አያብዙ። አንቀልባው ሁለት እጅዎን ነጻ ያደርግልዎታል። በእጅ ቦርሳዎ በቂ የሽንት ጨርቅ፣ ለልጁ ሁለት፣ ለራስዎም አንድ ቅያሪ ልብስ ይበቃል።

በመጨረሻም በቦርሳዎ ጥግ ኦ.አር.ኤስ. የተባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሳይዙ ከቤት አይውጡ። ከጠፋም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው፣ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ያጠጡት፤ ጡቱንም አያቋርጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባና ሽንት ካጣ፣ ወይም ከደከመና መጥባት እምቢ ካለ ግን ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

እናት ልጇን አዝላ ብቻዋን ባሕር ማዶ መሄዷ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ጉዳዩ ዝግጅት ይጠይቃል እንጂ ልጇን ከጡቷ አስለይታ እንድትሄድ አይጠይቅም። መልካም ጉዞ!