ቀዩን ሽምብራ ከጎታ አታውጡት

ስሙኝ ጎበዝ። ከወንዛዬ እስከ ወረታ አብራችሁኝ ያረጃችሁ ሁሉ፣ ይህን የምለው ለልጆቻችን ሳይሆን ለእኛው ነው፤ ዘር የሚመርጠው አሁንም እኛው ነንና።

ሩዙ ሲነሳ በተረፈው እርጥበት ሽምብራና ጓያ እንዘራለን። ሽምብራው ከአውድማ ቤት ሲገባ፣ ከአምና የተረፈ ነቀዝ በጎታው ስንጥቅ ተደብቆ ይጠብቀዋል። እናቲቱ ነቀዝ እህሉን አትበላም፤ ሥራዋ በፍሬው ገላ ላይ እንቁላል መለጠፍ ነው። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ፀሐይ አዙሯት። የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለባት ገና አልተፈለፈለም። ነጥቡ እንደ ኖራ ከነጣ ግን እጩ ከሥሩ ገለፈቱን በስቶ ገብቷል፤ ያ ንጣት እየፋቀ ወደ ኋላው የጣለው ብናኝ ነው። ሙቀት ከተመቸው በወር ገደማ ውስጡን ግጦ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል።

እጩ ሲፈለፈል ያለው ጉልበት ከእንቁላሉ ይዞት የወጣው ስንቅ ብቻ ነው። ገለፈቱ ወፍራም ሲሆን ያ ስንቅ መንገድ ላይ ያልቅበትና ብዙው ሳይገባ ይሞታል። እናቲቱም ሸካራውን ትታ ለስላሳውን ትመርጣለች። የቀዩ ሽምብራ ክብደት ከ100 እጅ 14 ያህሉ ገለፈት ነው፤ የነጩ 5 ያህል ብቻ። ቀዩ አይነቅዝም አልልም፤ ይነቅዛል። ግን ይዘገያል፣ ያም ክረምቱን ለመሻገር ትልቅ ነገር ነው።

ነጩ ዋጋ ያወጣል፤ ከደብረ ዘይት ምርምር የወጡት የነጭ ሽምብራ ዘሮች አረርቲና ሀብሩ ለገበያ የሚመሰገኑ ናቸው። ሽጧቸው፣ ቶሎ ሽጧቸው። የምፈራው ነጩን ለክረምት አስቀምጠን ቀዩን ከዘር ማጥፋታችንን ነው። ሐምሌ ላይ ጎታው ሲከፈት ብናኝ ብቻ ከተገኘ የሚቀረን ጓያ ነው። ጓያ ብቻውን ለወራት የተበላበት ቤት ምን እንደሚደርስበት ፎገራም ደምቢያም አይተውታል፤ ጎልማሳው እግሩ ተይዞ ዕድሜውን በምርኩዝ ይሄዳል፣ የሚያድነው መድኃኒትም የለም።

ሌላም አለ። እህሉ ሲነቅዝባቸው ክኒን ገዝተው በሚተኙበት ቤት ከረጢት ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ያ ክኒን እርጥበት ሲነካው የሚለቀው ጋዝ ነቀዙን ከሕፃኑ አይለይም። በልጅ ልጆቻችሁ ይዣችኋለሁ፣ ቤታችሁ አታስገቡት።

ለዘር የምትተዉትን በበሬ ደጋግማችሁ አታስረግጡ፤ ለይታችሁ በዱላ ቀስ ብላችሁ ውቁት። ገለፈቱ የተሰነጠቀውን ልቀሙና ቶሎ ለክክ ይዋል፤ ሙሉ ፍሬ መብሳት የማይችለው የዱቄት ነቀዝ በዚያ ስንጥቅ ይገባልና። ለወጥ የሚቀመጠውን ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት አድርጋችሁ እሹት፤ ዘይቱ እንቁላሉን ያፍነዋል። ዘሩን ግን በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አፉን አጥብቃችሁ እሰሩት። ቀዩ ያለቀበት ካለ ሩዙ ሳይታጨድ ከጎረቤቱ ይጠይቅ፤ ያላችሁም አትከልክሉት፣ አንድ ቁና ቢሆን እንኳ ስጡት።