የይርጋው ቀን ሳያልፍ

አንዲት ጎረቤቴ ከሥራ የተሰናበተችበትን ደብዳቤ ይዛ ቤቴ የመጣችው በአራተኛው ወር ነበር። ደብዳቤው በፌስታል ተጠቅልሎ ከልጇ የክትባት ካርድ ጋር ሣጥን ውስጥ ከርሟል። «ምነው ቆየሽ?» አልኳት። «መልሰን እንጠራሻለን ብለውኝ ነው፤ ደግሞስ ለጠበቃ የሚከፈለውን ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። አነበብኩት። ስንብቱ ሕገ ወጥ መሆኑን ለማሳየት ብዙ መድከም አያስፈልግም ነበር። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ክሱን በሦስት ወር ውስጥ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ያልተከፈላትን ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ለመጠየቅ ስድስት ወር ስላላት እሱ አልሞተም፤ ሥራዋ ግን አመለጣት። ከሁሉ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ያው አዋጅ ሠራተኛ ክስ ሲያቀርብ የዳኝነት እንደማይከፍል ይደነግጋል። ይህን አንድ ሰው ቢነግራት ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ትሄድ ነበር።

ያ አንድ ሰው እናንተ መሆን ትችላላችሁ። ከአየር ጤና እስከ አጠና ተራ፣ ከቤተል እስከ ዘነበወርቅ በኮልፌ ቀራንዮ ለምትኖሩ የሕግ ተማሪዎች ነው የምጽፈው። ስድስት ኪሎ ተማሩ፣ ሲቪል ሰርቪስ፣ ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ለክረምት ተመለሱ፣ ወይም ቀን ሠርታችሁ ማታ በግል ኮሌጅ ተማሩ፣ ለእኔ ልዩነት የለውም።

የዚህ አገር ሰው ፍርድ ይወዳል። በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ የሚለው ተረት ከየትኛውም ዓለም አቀፍ ስምምነት በፊት የነበረ ነው። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ዱላ ያነሣ እጅ አየር ላይ ይቀር ነበር። መንገደኛ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይዳኝ፣ ባለጉዳዩም በላ ልበልሃ ብሎ ራሱ ይሟገት ነበር። ያን ዘመን ላሞግሰው አልፈልግም፤ ብዙ ግፍ ነበረበት። ግን ሕጉ በሰው አፍ ውስጥ ነበር። ዛሬ ሕጉ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣን ደግሞ ከእናንተ በቀር በሰፈራችን የሚያነብ የለም። ባለጉዳዩ የሚያገኘው የመጀመሪያው «የሕግ ሰው» ችሎቱ ደጃፍ ጃንጥላ ሥር የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሚከፈለው በገጽ ነው።

ስለ ኮልፌና ስለ ጠበቃ ከተነሣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጠመንጃው ነው። እኔ ግን እዚህ ከመምጣታቸው አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ከኦሊቨር ታምቦ ጋር ጆሃንስበርግ ውስጥ የከፈቱት የጥብቅና ቢሮ ይበልጥብኛል። በየማለዳው ደረጃውንና ኮሪደሩን የሚሞሉት ባለጉዳዮች የተለየ ወንጀል የሠሩ አልነበሩም፤ በተከለከለ በር በመግባታቸው ወይም የመታወቂያ ደብተር ሳይዙ በመገኘታቸው የተከሰሱ ድሆች ነበሩ። ማንዴላ ማንዴላ የሆኑት በዚያ ደረጃ ላይ ሰው ሲሰሙ ይመስለኛል።

እኛስ ደረጃችን የት ነው? ከዘነበወርቅ ትንሽ አለፍ በሉ፤ ቆሼ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ፤ ለቀስተኛው ወጣ፣ ገባ፣ ተበተነ። እናንተ በሕገ መንግሥት ክፍል አንቀጽ 44ን ተምራችኋል፦ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው፤ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ከዚህ ይሻገራል። ብክለት ያየ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በእሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለሚመለከተው ባለሥልጣን አቤት ማለት ይችላል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማንኛውም ሰው! የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ማንኛውም ሰው ነው። ይህን አንቀጽ ለፈተና ሸምድዳችሁ ኤ ያመጣችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ከቆሼ ማዶ ካለው ሰፈር ወርዳችሁ ለአንዲት እናት ያነበባችሁላትስ?

እዚያው ጎን አለርት ሆስፒታል አለ። በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ለብዙ ዘመን በዙሪያው ኖረዋል፤ ጣታቸውን እያየ ሥራ የሚከለክላቸው አሠሪ ዛሬም አይጠፋም። አካል ጉዳተኞችን ከሥራ አድልዎ የሚጠብቅ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 568/2000። በሥራ ቅጥር አድልዎ ደረሰብኝ የሚል አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክሙን ከትከሻው አውርዶ ለአሠሪው ያሸክማል። በሕጋችን ውስጥ እንዲህ ያለ ለደካማ ያደላ ድንጋጌ ብዙ አታገኙም። ሆኖም ተቀምጦ ያልተጠቀሙበት መሣሪያ ይዝጋል።

ፖሊስ ጣቢያውን በአጭሩ ልለፈው፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የተያዘን ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ማቅረብ፣ ጊዜ ቀጠሮ፣ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ሲዘጋም ተረኛ ችሎት አለ። የታሰረ ልጁን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ የሚንከራተት አባት ይህን አያውቅም። ጠበቃ መንግሥት ያቆማል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ተከላካይ ጠበቆች አሉ፤ ለወንጀል ተከሳሽ። ለተሰናበተችው ጎረቤቴ ግን የቆመላት አልነበረም። ለቤት ሠራተኛዋማ የባሰ ነው፤ አዋጅ 1156 ጭራሽ ከሽፋኑ ውጭ ትቷታል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ የምትል ተማሪ ካለች፣ ይኸው።

ተማሪ ምን አቅም አለው የሚለውን አልቀበልም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ለማኞች በሾላ ካምፕ ሲታጎሩ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው አደባባይ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ወደዚህ ዘመን ስንመጣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ገና በተቋቋመ ሰሞን የጠለፋትን ሰው ተኩሳ ለገደለችው ለ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ያለ ክፍያ ቆመ፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ተከላክላለች ብሎ በነጻ አሰናበታት። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያመልጥ የነበረበት አሠራር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቀረ። ያን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስለዚህ ይህ ሥራ ለሕይወታችሁ ምን ይጠቅማል ብሎ የሚያሾፍ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የአፍሪካ የሰብአዊ መብት የምስለ ችሎት ውድድርም፣ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲው የሰብአዊ መብት ማስተርስም፣ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ልምምድም ጥሩ ናቸው፤ አመልክቱ። ማመልከቻው ላይ «እስካሁን ምን ሠርተዋል?» የሚል ባዶ ቦታ ስታገኙ ግን የምትጽፉት ከኮልፌ ይሁን።

እንዴት እንጀምር? ከሰፈራችሁ አራት አምስት የሕግ ተማሪ ሰብስቡ። ከዚያ ፈቃድ ያለው አንድ ጠበቃ ያዙ። ይህን አትዝለሉት፤ በግማሽ እውቀት የተሰጠ ምክር የሰው ጉዳይ ይገድላል፣ ያለ ፈቃድ መሟገትም ክልክል ነው። ጠበቃው እምቢ ካላችሁ በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ማገልገል የሙያው ግዴታ እንደሆነ በትሕትና አስታውሱት። ትምህርት ቤታችሁ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ካለው፣ አንድ ጠረጴዛ ወደ ኮልፌ እንዲያወጣ ዲኑን ጠይቁ፤ ማዕከል ከሌለው ለምን እንደሌለው ጠይቁ። የእናንተ ሥራ መስማት ነው፣ ሰነዱን በቀን በቀን መደርደር፣ ይርጋውን መቁጠር፣ ጉዳዩ የትኛው ችሎት እንደሚሄድ ማሳየት፣ የፈራውን እስከ ሬጅስትራር መስኮት ማድረስ። ማመልከቻውን ጠበቃው ያየዋል።

ሰው ከየት እናገኛለን አትበሉ። ዕድር አለን። በወሩ እሑድ ድንኳኑ ሥር ሁሉም ይሰበሰባል፤ የዕድሩ ዳኛ ሒሳብ ሲጨርሱ አሥር ደቂቃ ለምኑና ተነሡ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ከሥራ የተባረረ ሰው ካለ ሦስት ወር ሳይሞላው ወደ እኛ ይምጣ፤ ክሱ ክፍያ የለውም» በሉ፤ ስልካችሁን አስመዝግቡና ተቀመጡ።