በሩ ይጥበብ፣ ግን ቁልፉ የት እንዳለ ንገሩን!

ወገን፣ ዛሬ ስለ ታናሽ ወንድሜ ልጽፍ ነው። ስለ እሱ ብቻም አይደለም፤ በየቤታችሁ ስላለው ወንድማችሁና እህታችሁ ጭምር ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ወንድሜ ከወደቁት አንዱ ነው። ለሬሜዲያልም አልደረሰም። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተማረ። ዛሬ የሰፈራችን ሰው ቤቱ መብራት ሲቋረጥበት የሚጠራው እሱን ነው።

አንድ ቀን «ደረጃ 4 ስጨርስ ኢንጂነሪንግ መቀጠል እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዲግሪ ያለኝ ሰውዬ መልሱን አላውቀውም! ተያይዘን ልንጠይቅ ሄድን። አንዱ ቢሮ «መመሪያው ተቀይሯል» አለን። ሌላው «አዲሱ ገና አልወረደም» አለን። በቃ፣ ተመለስን።

መንገድ የለም እያልኩ አይደለም። ከደረጃ 4 ተነስተው ዲግሪ የያዙ ልጆች አውቃለሁ። ግን የማውቃቸው በሙሉ በማታ፣ በራሳቸው ገንዘብ፣ የተማሩትን ኮርስ እንደ አዲስ እየደገሙ ነው የተማሩት።

ካሊፎርኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። እዚያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚባል፣ በሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ክፍያው አነስተኛ የሆነ የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ አለ። ግዛቲቱ ከዚህ ተነስቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገርን እ.ኤ.አ. በ1960 በማስተር ፕላን አስቀምጣዋለች። ዛሬ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ስድስቱ፣ ማለትም ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ሳንታ ክሩዝ፣ ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪ የመግቢያ ዋስትና ይሰጣሉ። «እነዚህን ኮርሶች ውሰድ፣ ይህን ነጥብ አምጣ፣ በሴፕቴምበር አመልክት፣ ቦታህ የተጠበቀ ነው» ይሉታል። የትኛው የኮሌጅ ኮርስ የትኛውን የዩኒቨርሲቲ ኮርስ እንደሚተካም ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ያየዋል።

ገነት ነው አላልኩም። በርክሌይ፣ ሎስ አንጀለስና ሳን ዲዬጎ በዚህ ዋስትና ውስጥ የሉም። የሚፈለገው ነጥብም ቀላል አይደለም። ግን ልጁ ገና የመጀመሪያ ቀን ክፍል ሲገባ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል። ልዩነቱ እሱ ነው። በሩ ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ ግን አልተደበቀም።

«ጥራት ይወርዳል» የሚል አይጠፋም። እንዴት ሆኖ? ዋስትና ማለት ምጽዋት አይደለም፤ ነጥቡን ያላመጣ አይገባም። ደግሞስ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ አይደል? መውጫው ላይ ሁሉም በአንድ ሚዛን የሚመዘን ከሆነ፣ መግቢያው በአንድ ሳምንት ፈተና ብቻ ለምን ይዘጋል? አንድ ልጅ በ18 ዓመቱ ስለወደቀ ዕድሜ ልኩን የወደቀ ነው እንዴ?

«አንተ ራስህ ዲግሪ ይዘህ ቁጭ ብለሃል፣ ለወንድምህ ምን ትመኝለታለህ?» የምትሉም ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ ዲግሪ ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን እኔ ምስክር ነኝ። ግን ልብ በሉ፦ እኔ ንድፈ ሐሳብ ይዤ እጄን አጣጥፌያለሁ፤ እሱ እጁ ሙያ ያውቃል፣ የጎደለው ንድፈ ሐሳቡ ነው። ሀገር የምትፈልገው መሐንዲስ ከሁለታችን ማን ይቀርበዋል? እኔ እሱ ነው እላለሁ።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሦስት ነው። አንድ፣ የኮሌጁ ኮርስ በዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚተካ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ። ሁለት፣ የሚፈለገው ነጥብ ልጁ ሲመዘገብ ይነገረው፣ መሃል ላይ አይቀየርበት። ሦስት፣ ያንን ላሟላ ተማሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በመደበኛው መርሐ ግብር ቦታ ይጠበቅለት።

ልመና አይደለም፣ ውል ነው የምንጠይቀው። ልጁ ድርሻውን ይወጣ፣ መንግሥትም ቃሉን ይጠብቅ።

ወንድሜ አሁንም መልስ እየጠበቀ ነው። እናንተ ቤትስ? ደረጃ 4 ጨርሳችሁ የትኛው በር ላይ እንደቆማችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።